ሳጥኑን ወደ በረንዳ መለስኩት

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድሽን ሁሌ አነባለሁ፤ አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

44 ዓመቴ ነው። ባለትዳርና የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ሥራዬ ሒሳብ ነው። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነኝ፣ ከዚያ የታክሲ ሰልፍ፣ ከዚያ ወጥ ቤት። የዛሬ ሁለት ወር ገደማ ድካም ሲበዛብኝ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሙ "ስኳርሽ ገና በሽታ አልሆነም፣ ግን ድንበሩ ላይ ነሽ። ግፊትሽም ትንሽ ከፍ ብሏል። ተንቀሳቀሺ፣ ክብደት ቀንሺ" አለኝ። እናቴ በስኳር እግሯ ተቆርጦ ነው ያረፈችው። ያን ቀን ከሐኪም ቤት እስከ ሰፈሬ እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም። ለባለቤቴ "ደህና ነኝ፣ ትንሽ ወፍረሻል ነው ያሉኝ" ብዬ አለፍኩት።

ጂም ልመዘገብ አሰብኩ። ወርሃዊ ክፍያው ከበደኝ፤ እውነቱን ለመናገር አፈርኩም። ዩኒቨርሲቲ ያለችው ትልቋ ልጄ ለእረፍት መጥታ ሳለ ዩቲዩብ ላይ የስቴፕ ኤሮቢክስ ቪዲዮ ፈልጋ ከፈተችልኝ፤ በሙዚቃ ዝቅ ያለ መረገጫ ላይ እየወጡ የሚወርዱበት ስፖርት ነው። ቪዲዮው ሠላሳ ደቂቃ ነው። መረገጫው ስለሌለን ከትንሹ ልጄ ልደት የተረፈ የለስላሳ ሳጥን ገልብጬ ፎጣ አነጠፍኩበት። ከሌሊቱ 11፡30 ላይ፣ ቤተሰቡ ሳይነሣ፣ ሳሎኑን ዘግቼ ጀመርኩ።

አሠልጣኟ ፈረንጅ ናት፣ በጣም ትፈጥናለች። እሷ ወደ ቀኝ ስትሄድ እኔ ወደ ግራ። እጄን ሳስብ እግሬ ይጠፋብኛል። በሁለተኛው ቀን ግን፣ አሥራ ሁለተኛው ደቂቃ አካባቢ፣ አንዱ እንቅስቃሴ ከሙዚቃው ጋር ገጠመልኝ። ልጅ ሆኜ ሱዚ ስጫወት የሚሰማኝ ዓይነት ነገር ተሰማኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ እንባዬ መጣ።

በሦስተኛው ቀን ሳጥኑ ሴራሚኩ ላይ ተንሸራተተና ወደቅኩ። ጉልበቴ ተመታ። ቀና ስል ባለቤቴና የ15 ዓመቱ ልጄ በሩ ላይ ቆመው ይስቃሉ። ልጄ በስልኩ እየቀረጸኝ ነበር። የቤተሰብ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቀው። የባለቤቴ እህት "እስክስታ ነው ወይስ ጸበል እንውሰዳት?" ብላ ጻፈችበት። ሁሉም ተከታትለው የሳቅ ምልክት ደረደሩ። ስከፋ ባለቤቴ "አንቺ ደግሞ ቀልድ አታውቂም" አለኝ። በማግስቱ ደግሞ ከበታቻችን ያለችው አራስ ጎረቤቴ ደረጃ ላይ አግኝታኝ "በሌሊት ምን እየወቀጣችሁ ነው?" አለችኝ።

ሳጥኑን ወደ በረንዳ መለስኩት። ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ደረጃ ስወርድ ጉልበቴ ይሰማኛል። ልጄን ሳየው ያ ሳቅ ትዝ ይለኛል፤ በደንብ አላወራውም። ነገሩ የወጣቶች ነው ብዬ ልተወው? ምን ትመክሪኛለሽ?

የሦስተኛ ፎቅ ነዋሪ፣ ከሰሚት

*

የሦስተኛ ፎቅ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሦስቴ አነበብኩት። ሦስቱንም ጊዜ የቆምኩት አንድ ቦታ ላይ ነው፤ አሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ። ከመውደቁም ከሳቁም በፊት ስለሱ ልንገርሽ።

ሰውነትሽ ለስንት ዓመት ዕቃ ሲያነሣ፣ ልጅ ሲያዝል፣ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ኖሯል። ለራሱ ደስታ ብሎ የተንቀሳቀሰበት ቀን መቼ ነበር? አንቺ ራስሽ ሱዚን አነሣሽ። ሱዚ ስንጫወት ማን ወፈረ፣ ማን ቀጠነ አንልም ነበር። ጎማው ከቁርጭምጭሚት ወደ ጉልበት፣ ከጉልበት ወደ ወገብ ሲወጣ ልባችን አብሮ ይወጣ ነበር። ያ ነገር ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሰሚት ሳሎንሽ ውስጥ መጥቶ አገኘሽ። እንባሽ ቢመጣ አልገረመኝም። ስለዚህ "ልተወው?" ላልሽኝ መልሴ አይደለም ነው። ሳጥኑን ግን ተዪው።

ስለ ሳጥኑ ትንሽ ላውራሽ፤ የወደቅሽው በሱ ነው እንጂ በዕድሜሽ አይደለም። ለዚህ ስፖርት ተብሎ የሚሠራው መረገጫ ከፍታው 10፣ 15 ወይም 20 ሳንቲ ሜትር ነው። ጀማሪ በ10 ይጀምራል። 20ው ለቆዩበት ሰዎች ነው። የለስላሳ ሳጥን ጠርሙሱን እስከ አንገቱ የሚይዝ ነው፤ ከ20 ሳንቲ ሜትር እንደሚበልጥ አልጠራጠርም። ከሥሩ ጎማ የለውም። ላዩ ላይ ደግሞ ፎጣ አለ፤ ፎጣው ለብቻው ይንሸራተታል፣ ሳጥኑ ለብቻው ሴራሚክ ላይ ይንሸራተታል። በዚያ ላይ የወጣት አሠልጣኝ ፍጥነት ጨምሪበት። እዚያ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ሳትወድቂ መቆምሽ ራሱ ጉልበት እንዳለሽ ይነግረኛል። ምን ተጫምተሽ እንደነበር አልጻፍሽልኝም። በካልሲ ወይም በነጠላ ጫማ ከነበረ እሱም ድርሻ አለው።

የዚህ ስፖርት አጀማመር ለአንቺ የተጻፈ ይመስላል። በአሜሪካ፣ አትላንታ፣ ጂን ሚለር የምትባል የኤሮቢክስ አሠልጣኝ ነበረች። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻ ጉልበቷን ተጎዳች። ጉልበትሽ እንዲጠነክር የወተት ሳጥን ላይ እየወጣሽ ውረጂ ተባለች። እሷም በቤቷ ደረጃ ላይ በሙዚቃ መውጣት መውረድ ጀመረች፤ ከዚያ እንቅስቃሴ ጨመረችበት። በኋላ የስፖርት ጫማ አምራቹ ሪቦክ መረገጫውን ሠርቶ ለገበያ አቀረበውና ዓለም ሁሉ ለመደው። ከታመመ ጉልበትና ከሳጥን የተወለደ ነገር ነው። አንቺም የተመታ ጉልበትና ሳጥን ይዘሽ ነው የጻፍሽልኝ። ልዩነቱ የእሷ ቀስ ብሎ መጀመሩ ነው።

ጉልበትሽን ግን በዋዛ አትዪው። አብጧል? ሲታጠፍ ይቆለፍብሻል? ክብደትሽን ስትጥዪበት ይከዳሻል? ከነዚህ አንዱ ካለ ቪዲዮው ይቆይና ሐኪም ይየው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሕመሙ ካልቀነሰም እንደዚያው፤ ሳይታይ ሰንብቷል። እዚያው ስትሄጂ ግፊትሽን ለክተው፣ ይህን ዓይነት ስፖርት መጀመር እችላለሁ ወይ ብለሽ ጠይቂያቸው። ስትሠሪ ደረትሽን ካመመሽ ወይም ካዞረሽ ወዲያው አቁሚ፤ እሱ የስፖርት ድካም አይደለም።

ሐኪሙ ይሁን ካለሽ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ያለ ምንም መረገጫ ሥሪ። ወለሉ ላይ በፕላስተር አራት ማዕዘን አድርጊ፤ ወርዱ ሁለት ክንድ፣ ቁመቱ አንድ ክንድ ይበቃል። መረገጫሽ እሱ ነው በይ። ቀኝ ይገባል፣ ግራ ይገባል፣ ቀኝ ይወጣል፣ ግራ ይወጣል። አራት ቆጠራ ናት፤ ጠቅላላው ነገር በሷ ላይ ነው የቆመው። ከደቂቃ በላይ በአንድ እግር አትምሪ፤ አሁን ቀኙ ከመራ ቀጥሎ ግራው ይምራ። ያለዚያ አንዱ ጉልበት ብቻውን ይሸከማል። እጅሽን ለጊዜው ወገብሽ ላይ አድርጊው። "እጄን ሳስብ እግሬ ይጠፋብኛል" ያልሽው የሁሉም ጀማሪ ነገር ነው፤ እግር ራሱን ሲችል እጅ በኋላ ይመጣል።

እሷ ወደ ቀኝ አንቺ ወደ ግራ መሄድሽም ጥፋትሽ አይደለም። አሠልጣኟ ፊቷን ወደ አንቺ አዙራ ነው የምትሠራው። "ቀኝ" ብላ ስትጠራ አንዳንዷ የራሷን ቀኝ ትላለች፣ አንዳንዷ የተመልካቹን። ሌላው ደግሞ ስሞቹ ናቸው። አሠልጣኝ የሚቀጥለውን እንቅስቃሴ ስሙን የምትጠራው ከመድረሱ ጥቂት ቆጠራ ቀደም ብላ ነው። ስሙን የማያውቅ ሰው አይቶ እስኪከተል ሁሌ አንድ ርምጃ ይዘገያል። ስለዚህ አንድ ቀን ሶፋ ላይ ቁጭ ብለሽ፣ ሻይሽን ይዘሽ፣ ቪዲዮውን ሳትሠሪ ተመልከቺው። ስሞቹን ወረቀት ላይ ጻፊ። ቤዚክ የሚሉት ያ የነገርኩሽ አራት ቆጠራ ነው። ቪ ስቴፕ ሲሉ እግርሽን ከፍተሽ ትወጫለሽ፣ ገጥመሽ ትወርጃለሽ። ኒ አፕ ጉልበት ማንሣት ነው። ግሬፕቫይን ወለል ላይ ወደ ጎን፣ አንዱን እግር ከኋላ እያሳለፉ መሄድ ነው። ግድግዳው ላይ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ለጥፊው። በተረፈ ዩቲዩብ ላይ ፍጥነቱን 0.75 ላይ ማድረግ ይቻላል፤ ልጅሽ ታሳይሻለች። ሙዚቃው ትንሽ ይጎተታል፣ አንቺ ግን ትደርሺበታለሽ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰፈርሽ ያለ እንጨት ቤት ሄደሽ ዝቅ ያለ መረገጫ አሠሪ። ከፍታው 10 ሳንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 40፣ ርዝመቱ 80 ይሁን። ሙሉ ክብደትሽ ሲያርፍበት የማይወዛወዝ፣ ከሥሩ አራቱም ጥግ ላይ የጎማ ቁራጭ የተመታበት። ስትወጪ ተረከዝሽ ጭምር ሙሉ እግርሽ ይረፍበት፤ ጣቶችሽ ብቻ አይደለም። ስትወርጂ አጠገቡ ውረጂ፣ ርቀሽ አትዝለዪ። ተረከዝሽም ወለሉን ይንካ።

ወደ ግማሹ ስትደርሺ ደክሞሽ ቢሆን ማቆም ይቻላል። አሥራ ሁለት ደቂቃም ስፖርት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ተከፋፍሎ ሲደመርም ይቆጠራል። መካከለኛው ማለት እየሠራሽ ማውራት ትችያለሽ፣ መዝፈን ግን አትችዪም። ጡንቻ ሲሠራ ከደም ውስጥ ስኳር ወስዶ ይጠቀማል። እንባሽ በመጣበት በዚያ አሥራ ሁለት ደቂቃ ውስጥ እግሮችሽ ሐኪሙ ያዘዘሽን እየሠሩልሽ ነበር።

እርግጥ እግር ጉዞም አለ። ለስኳሩ ብቻ ከሆነ በእግር ፈጠን ብሎ መሄድ በቂ ነው፤ ጉልበትሽ እስኪያገግም እሱን አድርጊ። ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድመሽ መውረድ፣ ከምሳ በኋላ ቢሮውን ዞር ዞር ማለት። እሁድ ጠዋት መስቀል አደባባይ ብትወጪም እንዳንቺ ዕድሜና ከዚያም በላይ ያሉ ሴቶች በድምፅ ማጉያ ሙዚቃ ሲሠሩ ታያለሽ። አንዷ ሁሌ ከሰልፉ በሌላ አቅጣጫ ስትዞር ታገኛታለሽ፤ ማንም ዘወር ብሎ አያያትም። ግን ልብሽ ያለው ሳሎንሽ ውስጥ፣ በሙዚቃው ላይ ይመስለኛል። ያስለቀሰሽን ነገር ይዘሽ ብትቀጥዪ ይሻላል እላለሁ፤ የሚወዱትን ስፖርት ሰው ቶሎ አይተወውም።

አሁን ወደ ሳቁ ልምጣ።

ደብዳቤሽ ውስጥ በአንድ መስመር ያለፍሽው ነገር አለ። ለባለቤትሽ "ትንሽ ወፍረሻል ነው ያሉኝ" አልሽው። ልጆችሽም አያውቁም ማለት ነው። እህቴ፣ ያን ቀን ሳሎን ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነበሩ። እነሱ ያዩት እናት ሳጥን ላይ ስትዘል ነው። አንቺ ያየሽው የእናትሽን እግር ነው። እነሱ ያላወቁትን ሳቁበት። አንቺ ብቻሽን የተሸከምሽው ላይ የተሳቀ መሰለሽ። ስለዚህ ነው እንደዚያ የቆረጠሽ፤ ቀልድ ስለማታውቂ አይደለም።

ይህን ስል ጥፋቱ ያንቺ ነው ማለቴ አይደለም። የወደቀ ሰው መጀመሪያ ይነሣል፣ ተጎዳሽ ወይ ይባላል። ቪዲዮውም ሳትጠየቂ መለቀቅ አልነበረበትም። በሁለቱ መከፋትሽ ተገቢ ነው። ግን ባለቤትሽ ስለ ስኳሩ ቢያውቅ ኖሮ ይስቅ ነበር? አንቺ ታውቂዋለሽ፣ እኔ አላውቀውም። ለምን እንዳልነገርሽውም ራስሽን ጠይቂ። እንዳይጨነቅ ነው? ወይስ በቃል ሲወጣ እውነት እንዳይሆንብሽ ፈርተሽ? እናቷን እንደዚያ ያጣች ሴት ብትፈራ ማን ይፈርድባታል።

ንገሪው። ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ስልኩን ካስቀመጠ በኋላ። ብዙ መግቢያ አያስፈልግሽም። "ሐኪሙ ያለኝን በሙሉ አልነገርኩህም። ስኳሬ ድንበሩ ላይ ነው። ያን ቀን ስትስቁ እኔ የማስበው የእናቴን እግር ነበር" በዪው። ከዚያ ዝም በዪ። ዝምታው ቢረዝምም አትሙዪው፤ እሱም የሚያስበው ይኖረዋል። ቀጥሎ የምትፈልጊውን በግልጽ ጠይቂው፦ በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ሰዓት ሳሎኑ የእኔ ይሁን፣ ትንሹን ልጅ አንተ ያዘው። የእህቱን ነገር ደግሞ ለእሱ ተዪው። አንቺ ግሩፑ ላይ ብትጽፊ ጠብ ይሆናል። "ባለቤቴ ላይ እንዲህ አይባልም" የሚለው ከወንድሟ ሲመጣ ይሰማል።

ልጁን ለብቻው አናግሪው። አሥራ አምስት ዓመት ነው፤ በዚያ ዕድሜ ስልክ ከእጅ በፊት ይዘረጋል። አትቆጪው፣ ግን አታለሳልሺለት። እንዳመመሽ ይወቅ። ቪዲዮውን ከግሩፑ ላይ ራሱ ያጥፋው፤ ከፊትሽ ያጥፋው። ስለ አያቱም ንገሪው። ምናልባት አያቱ በምን እንዳረፈች በደንብ አያውቅ ይሆናል፤ እኛ አገር ለልጅ ይህን አንናገርም። ከዚያ ሥራ ስጪው። ወለሉ ላይ ፕላስተሩን እሱ ይለጥፍልሽ፤ እንጨት ቤቱም አብሮሽ ይሂድ። ጥፋት ያጠፋ ልጅ በእጁ የሚክስበት ነገር ሲያገኝ ይቀለዋል። ሦስት ሳምንት ዝም ስትዪው እሱም ሳይገባው አልቀረም፤ በየት በኩል እንደሚመለስ ጠፍቶት ይሆናል።

ጎረቤትሽ ትቀላለች። የኮንዶሚኒየም ወለል ተረከዝ ሲመታው ከታች ሙቀጫ ነው የሚመስለው፤ በዚያ ላይ አራስ ናት፣ እንቅልፍ የላትም። አንድ ቀን ከሥራ ስትመለሺ ገንፎም ቢሆን አጥሚትም ቢሆን ይዘሽ ውረጂ። ሐኪም ስፖርት አዞኝ ነው፣ ሕፃኑ የሚነቃው በስንት ሰዓት ነው በያት። ሰዓቱን እሷ ትምረጥልሽ። ለእኔ ማታ 12፡30 አካባቢ ይሻላል፤ ሕንጻው ሁሉ ነቅቶ ነው፣ አንቺም ጨለማ ውስጥ በድብቅ ከመሥራት ትወጫለሽ። ከእግርሽ ሥር ወፈር ያለ ምንጣፍ ይኑር፣ የሚዘለልበት ቦታ ሲመጣ ደግሞ በመርገጥ ብቻ እለፊው።

ትልቋ ልጅሽ ዩኒቨርሲቲ ናት ብለሻል። ቪዲዮውን የመረጠችልሽ እሷ ናት፤ መውደቅሽንም ያየችው ግሩፑ ላይ ይሆናል። ደውዪላት። "ለጀማሪ የሚል፣ ዝግ ያለ ሌላ ፈልጊልኝ" በያት።

ዛሬ ማታ ግን አንድ ነገር ብቻ አድርጊ። ሜትር ይዘሽ በረንዳ ውጪና ሳጥኑን ለኪው። ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሆነ ጻፊልኝ።